አንቷን ዳባዲ፦ ምድርን በከዋክብት የለኩ ሊቅ

የኢትዮጵያን ተራሮችና ወንዞች በሳይንሳዊ ዘዴ ከለኩ ቀደምት ተጓዦች መካከል አንቷን ዳባዲ ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1810 በአየርላንድ ደብሊን ከተማ ተወልደው በፈረንሳይ ያደጉት ዳባዲ፣ በ1838 ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር በምፅዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በመካከሉ ወደ አውሮፓ ቢመለሱም እስከ 1848 ድረስ ጎንደርን ጨምሮ ከሰሜን እስከ ከፋ ያለውን ምድር ተዘዋውረው አጥንተዋል።

በዚያን ዘመን የአገሪቱ ካርታ በአብዛኛው ከነጋዴና ከመንገደኛ ቃል የተቀዳ ነበር። ዳባዲ ግን ከፍ ባለ ስፍራ ቆመው በዙሪያቸው የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫ በቴዎዶላይት ያነብቡ፣ የቆሙበትን ቦታ በፀሐይና በከዋክብት ያረጋግጡ፣ የምድሩን ከፍታ ደግሞ ውኃ በሚፈላበት የሙቀት መጠን ያሰሉ ነበር። አንድ ተራራ ከብዙ ስፍራ ስለሚታይ የአንዱ ንባብ ስሕተት በሌላው ይታረማል።

ይሁንና ሥራቸው ከስሕተትም ከክስም አልዳነም። የጊቤን ወንዝ የነጭ ዓባይ ምንጭ አድርገው ማሳወቃቸው ትክክል አልነበረም፤ ጊቤ የኦሞ ገባር ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክም ዳባዲ ከፋ አልደረሱም በማለት በጽሑፍ ከሰሷቸው፤ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሰጣቸውን ሜዳሊያም መለሱ። የዳባዲ ክብርና የአሥር ዓመት ድካማቸው ለጥርጣሬ ተጋለጠ። እርሳቸውም ከ1860 እስከ 1873 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ ሥራቸው የመስክ ንባባቸውን ከነስሌቱ ይፋ በማድረግ ማንኛውም ባለሙያ እንዲመረምረው አስቻሉ።

ዳባዲ በ1867 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኑ፤ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። በ1897 አረፉ። በአንዳይ የሚገኘው፣ የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸበት ቤተ መንግሥታቸው ለአካዳሚው ተላለፈ፤ ስጦታውም የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ በሚል ግዴታ የታሰረ ነበር። በቤቱ የሚገኘው የከዋክብት መመልከቻ እስከ 1975 ሠርቷል። በዚያ የተለኩ ከዋክብት ሰማይን በፎቶግራፍ ለመመዝገብ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ሥራ በመነሻነት አገልግለዋል፤ ቦታቸው የታወቀ ከዋክብት ከሌሉ የአንዱን ፎቶግራፍ ልኬት ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልምና።

ዛሬ የጋላክሲዎችን ብርሃን የሚለኩ ተመራማሪዎችም ይህንኑ መርሕ ይከተላሉ። አየሩ፣ አቧራውና መሣሪያው ከሌሊት ሌሊት ስለሚለያዩ ድምቀታቸው አስቀድሞ በተረጋገጠ ከዋክብት ልኬታቸውን ያርማሉ።

በሳንጃም ሆነ በመተማ የእርሻ ይዞታ ሲለካ መርሑ አይለወጥም፤ ትክክለኛ ልኬት ከተረጋገጠ መነሻ ይጀምራል። ይዞታቸውን የሚያስለኩ ባለጉዳዮችም የልኬቱን መነሻና ውጤት ጠይቀው መረዳታቸው ለመብታቸው መከበር ይጠቅማል።