አሌክሴይ ሳቭራሶቭ

አሌክሴይ ኮንድራትየቪች ሳቭራሶቭ (1830 – 1897 እ.ኤ.አ.) ሩሲያዊ የመልክዓ ምድር ሠዓሊና መምህር ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው በ1871 በዘይት ቀለም በሣለው «ቁራዎቹ ተመለሱ» በተባለው ሥዕል ነው። ሥዕሉ የአንድን ተራ የገጠር መንደር የክረምት ማብቂያ ያሳያል። እዚህ ላይ ክረምት ሲባል የእኛ የዝናብ ወራት ሳይሆን ምድር ለወራት በበረዶ ተሸፍና የምትቆይበት የሩሲያ የብርድ ወቅት ነው። በረዶውም መቀሌ ላይ ከሐምሌ ዝናብ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደው ዓይነት አይደለም፤ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ ወርዶ የሚከመር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ

ሳቭራሶቭ ሞስኮ ውስጥ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በሞስኮ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1850 ጨረሰ፤ በ1854 ከሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበባት አካዳሚ የአካዳሚክነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1857 ሶፊያ ሄርዝን አገባ፤ በዚያው ዓመት በተማረበት ትምህርት ቤት የመልክዓ ምድር ሥዕል መምህር ሆነ። የዘመኑ ሠዓሊ ውበትን የሚፈልገው ከጣሊያን ባሕር ዳርቻ ወይም ከስዊዘርላንድ ተራሮች ነበር። ሳቭራሶቭም በ1862 ስዊዘርላንድ ሄዶ ተራሮቹን ሥሏል። ሥዕሎቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን ሌላም ሠዓሊ ሊሥላቸው ይችል ነበር።

በ1870 መጨረሻ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በቮልጋ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ያሮስላቭል ሄደ። በዚያ ክረምት አዲስ የተወለደች ሴት ልጁ ሞተች፣ ሚስቱም በጠና ታመመች። ከሐዘኑ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በመጋቢት፣ በኮስትሮማ ግዛት ወዳለች ሞልቪቲኖ የተባለች መንደር (የዛሬዋ ሱሳኒኖ) ሄዶ የሥዕሉን ንድፎች ሠራ።

«ቁራዎቹ ተመለሱ»

ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 62፣ ወርዱ 48.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ፊት ለፊት ቀጫጭንና ጎባጣ የበርች ዛፎች ቆመዋል፤ ቅርንጫፎቻቸው ላይ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። ከአጥሩ ወዲያ የእንጨት ቤቶችና የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አድማስ ሜዳ ነው። በረዶው ነጭ አይደለም። አድፏል፣ ጎድጉዷል፣ በስተቀኝ ቀልጦ ውኃ አቁሯል። ከዛፎቹ ሥር አንዲት ወፍ ጭራሮ በአፏ ይዛለች። ሰው የለበትም።

የወፎቹን ትርጉም ለማያውቅ ሰው ሥዕሉ ጨለማ ሊመስለው ይችላል፤ በተለይ ቁራን በክፉ ለሚያይ አንባቢ። ሩሲያውያን ግራች የሚሏት ይህች የቁራ ዘመድ ግን ክረምቱን በሞቃት አገር አሳልፋ በመጋቢት ስለምትመለስ የጸደይ አብሳሪ ናት፤ በእኛ ዘንድ የመስቀል ወፍ እንደምትታየው መሆኑ ነው።

ሳቭራሶቭ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የፔሬድቪዥኒኪ (ተጓዥ ኤግዚቢሽኖች) ማኅበር በ1871 የመጀመሪያ ዐውደ ርዕዩን ሲያቀርብ ሥዕሉ ለሕዝብ ታየ፤ ሰብሳቢው ፓቬል ትሬትያኮቭም ገዛው። ዛሬም በሞስኮ ትሬትያኮቭ ጋለሪ ይገኛል።

መምህርነቱና መጨረሻው

ኢሳክ ሌቪታንና ኮንስታንቲን ኮሮቪን ተማሪዎቹ ነበሩ። ከክፍል አውጥቶ ወደ ሜዳ ይወስዳቸው ነበር። በሶቪየት ዘመን አንዳንድ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊያን የተማሩበት የሞስኮው ሱሪኮቭ ኢንስቲትዩት ራሱን የዚያ ትምህርት ቤት ወራሽ አድርጎ ይቆጥራል።

ሳቭራሶቭ ግን በመጠጥ ተጎዳ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ተለየችው፤ በ1882 ከመምህርነቱ ተሰናበተ። ዐይኑ እየደከመ ሲሄድ ያንኑ የቁራዎቹን ሥዕል ደጋግሞ እየገለበጠ በርካሽ ይሸጥ ነበር። በ1897 በሞስኮ በድሆች ሆስፒታል ሞተ። በቀብሩ ላይ የተገኙት ትሬትያኮቭና የትምህርት ቤቱ በረኛ ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ሌቪታን በጋዜጣ ባወጣው የሐዘን ጽሑፍ፣ ሩሲያውያን የገዛ አገራቸውን ተራ መልክዓ ምድር በፍቅር መሣል የጀመሩት ከሳቭራሶቭ ወዲህ መሆኑን መሰከረለት። መቃብሩ በሞስኮ ቫጋንኮቮ ነው።