ቃሬዛ በአየር ላይ፦ የማሪ ማርቬን ሕይወት

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ስለ ደም መፍሰስ በተማርን ቁጥር በሐሳባችን የሚመጣው በአገራችን ገጠር በቃሬዛ ተይዞ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚያልፈው በሽተኛ ነው። ለዚህ ችግር መላ ስትፈልግ የኖረች አንዲት ፈረንሳዊት ነበረች። በአገርዋ ስመ ጥር ብትሆንም በእኛ ዘንድ ብዙ አትታወቅም።

ማሪ ማርቬን በ1875 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ኦሪያክ በምትባል ከተማ ተወለደች። ዋና፥ ብስክሌት፥ ተራራ መውጣት፥ ያልሞከረችው ስፖርት አልነበረም። በ1908 በፈረንሳይ ዙሪያ በሚደረገው የብስክሌት ውድድር ልግባ ብትል ሴት ነሽ ተብላ ተከለከለች፤ እርስዋ ግን ወንዶቹን ከኋላ ተከትላ መንገዱን ጨረሰችው። በ1909 በባሎን የሰሜንን ባሕር ተሻግራ እንግሊዝ አገር ወረደች፤ በ1910 የአውሮፕላን ነጂነት ፈቃድ አገኘች።

ይህ ሁሉ ለጋዜጣ ወሬ ይበቃል፤ እኛን የማረከን ግን ሌላው ሥራዋ ነው። ማሪ የነርስነት ሙያም ነበራት። አውሮፕላን ገና እንደ መጫወቻ በሚታይበት ዘመን፥ ቁስለኛን ከጦር ሜዳ በአየር ማንሣት ይቻላል ብላ ተነሣች። ከዴፐርዱሰን ፋብሪካ መሐንዲስ ከሉዊ ቤሽሮ ጋር ሆና የአምቡላንስ አውሮፕላን ንድፍ አወጣች፤ ለማሠሪያውም ገንዘብ አሰባሰበች። ነገር ግን በ1913 የፋብሪካው ባለቤት በማጭበርበር ተከሶ ታሰረ፤ አውሮፕላኑም ሳይሠራ ቀረ። በዓመቱ የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ያ አውሮፕላን ተሠርቶ ቢሆን ስንቱን ባተረፈ!

በጦርነቱ ጊዜ ወንድ መስላ የወታደር ልብስ ለብሳ ምሽግ ውስጥ እንደ ነበረች ይነገራል። በ1915 ደግሞ ሜትስ አጠገብ የነበረውን የጀርመን የአየር ኃይል ሰፈር በቦምብ በመደብደብዋ የጦር መስቀል ተሸለመች። ፋሻ የያዘች እጅ ቦምብም መጣልዋን እንዴት እንደምናየው እርስ በርሳችን ተከራክረንበት እስካሁን አልተስማማንም።

ከጦርነቱ በኋላ ከአገር አገር እየዞረች ስለ አየር አምቡላንስ አስተማረች፤ በሞሮኮም ለዚሁ ሥራ ደከመች፤ አውሮፕላን አሸዋ ላይ እንዲያርፍ የሚያስችል የብረት መንሸራተቻም አሰበች። ዓላማው በአገራችንም ታይቷል፤ በ1935 እና በ1936 በጣልያን ወረራ ጊዜ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን ያመላልስ ነበር።

ሄሊኮፕተር ሲመጣ ሐሳቡ ክንፍ አወጣ። በ1952 እና በ1953 በኢንዶቺና ጦርነት ዶክተር ቫሌሪ አንድሬ የተባለች ፈረንሳዊት የጭንቅላት ቀዶ ጥገና ሐኪም፥ ቁስለኞችን ከሄሊኮፕተሩ ጎን በታሠረ ቃሬዛ ላይ አስተኝታ ከጫካ እያወጣች፥ ራስዋ ነድታ ራስዋ ታክም ነበር። እርስዋም በ1976 ጄኔራል ለመሆን በቃች፤ በፈረንሳይ ጦር ይህን ማዕርግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ማሪ ይህን ለማየት በቅታለች። በ1961 በ86 ዓመት ዕድሜዋ ከናንሲ እስከ ፓሪስ በብስክሌት ሄደች። በ1963 በናንሲ አጠገብ በላክሱ በድኽነት አረፈች።