ማይክል ፋራዴይ፤ ከመጽሐፍ ደጓሽነት እስከ ሊቅነት

ለዛሬ የምናቀርብላችሁ የአንድ ድኻ ቀጥቃጭ ልጅ ታሪክ ነው። ይህ ሰው ሐኪም አልነበረም። ይሁን እንጂ ስትሮክ መትቶአቸው እጃቸው አልታዘዝ ባላቸው ሰዎች ራስ ላይ ሐኪሞች የሚያሳርፉት የማግኔት መሣሪያ የሚሠራው እርሱ ባገኘው ሕግ ነው።

ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ ነው) ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ከለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጤና የራቀው ስለ ነበረ ቤተሰቡ ተቸገረ፤ እህል በተወደደበት በ1801 ለትንሹ ማይክል ለሳምንት የሚደርሰው አንድ ዳቦ ነበረ ይባላል። በአሥራ አራት ዓመቱ ሙያ እንዲማር ለአንድ መጽሐፍ ደጓሽ ተሰጥቶ ሰባት ዓመት ቆየ። ልጁ ግን ሊደጉስ የተሰጠውን መጽሐፍ ሳያነብ አይለቅም ነበር፤ ከኤሌክትሪክ ጋር የተዋወቀው በዚሁ ሱቅ ነው።

በ1812 አንድ ደንበኛ በሰጠው የመግቢያ ካርድ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ገብቶ ስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ሲያስተምር አዳመጠ። የሰማውንም በጥሩ ጽሕፈት ገልብጦ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ደጉሶ ለሊቁ ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት በማርች ወር የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ብዙውን ሥራውን አልፈን ወደ ኦገስት 29 ቀን 1831 እንሂድ። በዚያ ቀን ፋራዴይ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦዎችን ለየብቻ ጠምጥሞ፣ አንዱን ከባትሪ፣ ሁለተኛውን ከመርፌ መለኪያ ጋር አገናኘ። ባትሪው ሲያያዝ መርፌዋ ዘለል ብላ ወዲያው ዐረፈች፤ ባትሪው ሲለቀቅም እንደ ገና ዘለለች። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ሲፈስ ግን ምንም የለም። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ሽቦ ኤሌክትሪክን የሚወልደው የማግኔቱ ኃይል መኖሩ ሳይሆን መለዋወጡ ነው።

ከ154 ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ጥቅል ሽቦ በሰው ራስ ላይ ይዘው ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ለማይሞላ ጊዜ ብርቱ ኤሌክትሪክ ለቀቁበት። ማግኔቱ የራስ ቅልን ያለ ሕመም አልፎ በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ወለደ፤ የሰውየውም እጅ ሳያዝዘው ተንቀሳቀሰ። የፋራዴይን ሁለተኛ ሽቦ ቦታ የያዘው አንጎሉ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስትሮክ የአንጎልን አንድ ወገን ሲጎዳ የሚደክመው በተቃራኒው ያለው እጅና እግር ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ጤነኛው ወገን የተጎዳውን ይጫነዋል ብለው ስላሰቡ ጤነኛውን በዝግታ በሚመታ ማግኔት ማብረድ፣ ወይም የተጎዳውን በፈጣኑ ማነቃቃት ጀመሩ፤ ይህም ከእጅ ልምምድ ጋር ነው። ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን በ2018 በታተመ፣ በአሜሪካ 199 ሕሙማን በተካፈሉበት ምርመራ፣ እውነተኛው ማግኔት የተደረገላቸውም ለማስመሰል ብቻ የተደረገላቸውም አብዛኞቹ ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ልምምዱ ራሱ ትልቅ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም እንላለን። ስለ ማግኔቱ ግን በሌላ ጊዜና በሌላ አመታት የተደረጉ አነስተኛ ምርመራዎች ጥቅም ስላሳዩ ጉዳዩ አልተዘጋም። አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ስለሚችልና በራሱ ውስጥ ብረት ላለበት ሰው ስለሚያሰጋ ያለ ሐኪም የሚሞከር አይደለም።

ፋራዴይም ቢሆን የራስ ሕመም አልቀረለትም። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ራሱን ያዞረው፣ ያስረሳውም ጀመር፤ ጥቂት ዓመታትም ከሥራው ተለየ። ትናንት የሠራውን እንዳያጣ የሙከራ መዝገቡን አንቀጽ በአንቀጽ ቍጥር እየሰጠ ይጽፍ ነበር፤ ቍጥሩም ከ16 ሺ አለፈ። የሰርነት ማዕርግ ቢቀርብለት እንቢ አለ፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነትንም ሁለት ጊዜ መለሰ። ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት የሰጠችውን ቤት ግን ተቀብሎ፣ ኦገስት 25 ቀን 1867 በዚያው ዐረፈ። የተቀበረው በለንደን ሃይጌት መካነ መቃብር ሲሆን፣ በድንጋዩ ላይ ስለ እርሱ የተጻፈው ስሙ፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ብቻ ነው።