የመምህር ኦኔሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን፣ ዕድሜያቸውን በማስተማር ፈጽመው ዛሬ በጡረታ ዐርፈው የሚኖሩትን አረጋውያን አስተማሪዎቻችንን ስናመሰግን፣ ይህን ሥራ አስቀድመው የዠመሩትን ማሰብ የተገባ ነው። ስለዚህ ከሞቱ ከዘጠና ዓመት በላይ የኾናቸውን የመምህር ኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ ባጭሩ ጽፈን ለካህናትና ለምእመናን አቅርበናል። የላኳቸው ሚሲዮናውያን ዘመንን የሚቈጥሩት እንደ አውሮፓውያን ስለ ነበረ እኛም በዚያው ቍጥር ጽፈናል፤ የዕረፍታቸውን ቀን ግን በአገራችንም አቈጣጠር አመልክተናል።

በኢሉባቦር አገር፣ በሁሩሙ አጠገብ፣ በ1856 ገደማ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙንም ሂካ አሉት። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ከመፍታት ጋራ የተዛመደ ቃል ነው። በአማርኛችንም ፈታ ስንል የታሰረውን ለቀቀ ማለት ይኾናል፤ ደግሞም የመጽሐፍን ምስጢር ተረጐመ ማለት ይኾናል፤ በኦሮምኛም እንዲሁ ነው። ወላጆቹ ይህን ስም ሲሰጡት ልጁ ወደ ፊት ኹለቱንም እንደሚያይ አላወቁም ነበር።

አራት ዓመት ሲኾነው አባቱ ሞተ። በልጅነቱም ከእናቱ ተነጥቆ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወደቀ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ እስከ ምፅዋ ወደብ ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ባሕር ተሻግሮ ወደ ዐረብ አገር የሚወስድ ነበር፤ በዚያ የተሻገረውም እምብዛም አይመለስም። ነገር ግን በ1870 በምፅዋ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና በዚያ ላሉት ለስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ለትምህርት ሰጠው። እነዚህ ሚሲዮናውያን በ1866 ወደ ምፅዋ የመጡት ወደ ኦሮሞ አገር ለመኼድ ዐስበው ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶባቸው በባሕር ዳር ተቀምጠው ሳሉ፣ ሊደርሱበት ያልቻሉት አገር ልጅ በባርነት ተነድቶ ወደ ደጃቸው መጣ።

ልጁ ለትምህርት እጅግ የሚተጋ ኾነ። በ1872 መጋቢት 31 ቀን፣ በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የተነገረለት፣ ከጌታው ኰብልሎ የነበረው የባሪያው የአናሲሞስ ስም ነው፤ በጽርእ ቋንቋም ጠቃሚ ማለት ነው። ከዚህም በኋላ ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐኔሉንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ዐምስት ዓመት ተማሩ፤ ለአስተማሪነትና ለወንጌል መልእክተኛነት ተዘጋጅተው በ1881 ወደ ምፅዋ ተመለሱ። እዚያም ምሕረት ኀይሉን አገቡ።

የተማረ ሰው አገሩ ለመግባት የሚከለክለው ነገር የለም ብለን እናስብ ይኾናል። ለኦኔሲሞስ ግን ከትምህርት ቤት ወጥተው የአገራቸውን ሰው እስኪያስተምሩ ድረስ ኻያ ሦስት ዓመት አለፈ። መዠመሪያ በሱዳን በኩል ለመግባት ዐስበው ከጓደኞቻቸው ጋራ ወጡ፤ ከድንበሩ አጠገብ እስካለችው እስከ ፋማካ ድረስም ደረሱ። ነገር ግን የማሕዲ ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ጕዞኞቹም በንዳድ ተያዙ፤ ከስዊድናውያኑም አንዱ ሞተ። የቀሩት በ1882 ሚያዝያ ወር ወደ ካርቱም ተመለሱ። ኦኔሲሞስም በዚያ ከሕመማቸው እያገገሙ ሳሉ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ዠመሩ። በ1886 ደግሞ በሸዋ በኩል ሞክረው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ንጉሥ ምኒልክ ግን አላሳለፏቸውም፤ ወደ ምፅዋ ተመለሱ።

ከምፅዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ ተቀምጠው ትርጓሜውን ሲቀጥሉ ሌላ ችግር አገኛቸው፤ እኛም ከታሪካቸው ኹሉ ይልቅ ይህን ልብ ልንለው ይገባል። በልጅነቱ ከአገሩ የተነጠቀ ሰው የእናቱን ቋንቋ ቢያስታውስ የልጅነቱን ያህል ብቻ ነው። ወተት፣ እሳት፣ ና፣ ኺድ ማለት አያቅተውም፤ ኪዳን፣ ጽድቅ፣ ምሕረት፣ ምስክር ለማለት ግን የሽማግሌዎችን ሸንጎና የእናቶችን ተረት ሰምቶ ማደግ ያስፈልገዋል። ኦኔሲሞስም ብዙ ቋንቋ ዐውቀው ሳለ የገዛ ቋንቋቸው እንዳነሳቸው ተረዱ። ሊቅ ነኝ የሚል ሰው ይህን ለመሸፈን ብዙ ዘዴ አያጣም፤ እርሳቸው ግን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ፤ ያገኙትም ከሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው።

በ1886 የኢጣልያ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሮች የጫነ መርከብ ይዞ ነጻ አውጥቶ ነበር፤ ከእነዚያም ውስጥ ብዙ የኦሮሞ ልጆች ወደ እምኩሉ ተሰጡ። ከእነርሱም አንዲቱ የሊሙዋ አስቴር ጋኖ ነበረች። አስቴር ከአገሯ የወጣችው አድጋ ስለ ኾነ ቋንቋው በአፏ ሙሉ ነበረ፤ ማስተዋልም ተሰጥቷት ነበር። ወደ 15,000 የሚኾን ቃል ሰበሰበች፤ ዐምስት መቶ ያህልም ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታዋ ጻፈች። ከዚህም ብዙው በ1894 ለተማሪዎች በታተመው በኦሮምኛው የንባብ መጽሐፍ ገብቷል። የአስቴር ድካም ከኦኔሲሞስ ስም በስተኋላ እየተሸፈነ ብዙ ዘመን መቅረቱ አግባብ አልነበረም።

ሐዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ተፈጽሞ በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ ብሉይና ሐዲስ በሙሉ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበር። በዚህም መካከል ሚስታቸው ምሕረት በ1888 ዐርፈው ነበር።

መጽሐፉ ታትሞ ሳለ አንባቢ አልነበረውም፤ የኦሮሞ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ፊደል የሚማርበት ትምህርት ቤት አልነበረምና። ስለዚህ በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ወለጋ ገቡ። የለቃ ነቀምት ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በመልካም ተቀበሏቸው፤ በነቀምትም ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያ ጊዜ ኦኔሲሞስ ወደ ዐምሳ ዓመት ተጠግተው ነበር፤ ሌላው ሰው ሥራውን ለልጁ ለማስረከብ በሚያስብበት ዕድሜ እርሳቸው ፊደል ማስቈጠር ዠመሩ።

በኦሮምኛ ሲሰብኩ ሕዝቡ ሰማቸው፤ በዚያ የነበሩት ካህናት ግን ቋንቋውን ስለማያውቁ ምን እንደሚባል አልተረዱም፤ ጥርጥርም ኾነ። ወላዲተ አምላክን ይሰድባሉ ተብለው ተከሰሱና በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ነገሩ ወደ ዐፄ ምኒልክ ደርሶ ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን ለወጡት፤ ወደ ነቀምት ይመለሱ፤ ነገር ግን ከእንግዲህ አይስበኩ ተባለ። በዚያ ዘመን ከኹለቱም ወገን ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ያጣላቸው ከክፋት ይልቅ አለመደማመጥ ይመስለናል።

ወንጌልን ለመስበክ ሠላሳ ዓመት የተዘጋጀ ሰው ስብከት ሲከለከል ምን ያደርጋል? ስደትን መርጦ መኼድ ይችል ነበር፤ በስዊድንም በአስመራም ወዳጆች ነበሩት። ኦኔሲሞስ ግን ትእዛዙን ተቀብለው ወደ ትምህርት ቤታቸው ገቡ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም ሥራቸው ልጆችን ማንበብ ማስተማር ብቻ ኾነ። እንደገና እንዳይከሰሱና እንዳይሰደዱ ኹልጊዜ ያሠጋቸው ነበር። ነገር ግን ማንበብ የተማረ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በምሽትም ምድጃ ዳር ሲያነብ አባትና እናት ይሰሙታል፤ ይህን የሚከለክል ዐዋጅ አልነበረም።

በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሳይወርዱ ጥቂት ቀደም ብለው እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ቢወርዱም ፈቃዱን የሻረ አልነበረምና፣ ኦኔሲሞስ ቀሪ ዕድሜያቸውን ኹሉ በማስተማር፣ በመስበክና የተረጐሟቸውን መጻሕፍት ለሕዝብ በማደል ፈጸሙ።

በ1931 ሰኔ 21 ቀን፣ በአገራችን አቈጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ በነቀምት ዐረፉ፤ ዕድሜያቸውም ሰባ ዐምስት ዓመት ያህል ነበረ። አስቴር ጋኖ ከእርሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረው በ1964 ዐረፉ።