አልፍሬድ ቢኔ

አልፍሬድ ቢኔ (ጁላይ 8 ቀን 1857 – ኦክቶበር 18 ቀን 1911 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ከሐኪሙ ቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ለዘመናዊው የማሰብ ችሎታ ፈተና መነሻ ሆኗል። የትንንሽ ተማሪዎች የንባብና የሒሳብ ደረጃ ከዕድሜያቸው ጋር እየተነጻጸረ የሚመዘንበትን ዘዴ በመቀመርም ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዘመን

ቢኔ የተወለደው በኒስ ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የሰርዲኒያ መንግሥት ግዛት ነበረች። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ሠዓሊ ነበሩ፤ ወላጆቹ ሲለያዩ ያደገው ከእናቱ ጋር ነው። ፓሪስ ውስጥ ሕግ ተምሮ በ1878 ቢመረቅም በሙያው አልገፋበትም። ይልቁንም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለሰ ሥነ ልቦናን በራሱ ንባብ ተማረ።

በ1880ዎቹ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል በታዋቂው ሐኪም በሻርኮ ሥር ሠራ። እዚያ በማግኔትና በሂፕኖሲስ ላይ ያሳተመው ውጤት ስሕተት መሆኑ ታወቀ፤ ታማሚዎቹ ከእነርሱ የሚጠበቀውን አስቀድመው ያውቁ ነበርና። ቢኔም ስሕተቱን ለማመን ተገደደ። ከዚያ ወዲህ መርማሪው ሳያውቀው በተመርማሪው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ዘወትር ያሳስበው ነበር።

በ1884 ሎር ባልቢያኒን አግብቶ ማድሌን እና አሊስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። የሁለቱን አስተሳሰብ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቤቱ እየተከታተለ መዝግቧል። በ1894 በሶርቦን የሚገኘው የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያው ቆየ። በዚህ ወቅት በትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ጭንቅላት ለክቶ በጎበዞቹና በደካሞቹ መካከል ያገኘው ልዩነት እጅግ ትንሽ ስለ ነበር፣ የአእምሮን ችሎታ በጭንቅላት መጠን ለመለካት የነበረውን ተስፋ ተወ።

የ1904 ኮሚሽን እና መለኪያው

ፈረንሳይ በ1880ዎቹ ትምህርትን ግዴታ ካደረገች በኋላ፣ ከክፍል ጓደኞቻቸው እኩል መራመድ ያልቻሉ ልጆች ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። መንግሥት በ1904 ኮሚሽን አቋቋመ፤ ቢኔም አባል ሆነ። ጥያቄው ልዩ እገዛ የሚያስፈልገው ልጅ በምን ይለያል የሚል ነበር። በአስተማሪ ግምት ብቻ ከተወሰነ ረባሽ ወይም ዓይናፋር ልጅ ያለ አግባብ ከመደበኛው ክፍል ሊወጣ ይችላል።

በ1905 የወጣው መለኪያ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ተግባራት ነበሩት። የመጀመሪያው የተለኮሰ ክብሪትን በዓይን መከተል ነው። ቁጥሮችን ሰምቶ መድገምና ክብደቶችን በቅደም ተከተል መደርደርም ይገኙባቸዋል። በ1908 ተግባራቱ ከ3 እስከ 13 ዓመት በዕድሜ ተመደቡ። ለምሳሌ የ3 ዓመት ልጅ አፍንጫውን፣ ዓይኑንና አፉን በጣቱ ያሳያል። አንድ ተግባር ለአንድ ዕድሜ የሚመደበው የዚያ ዕድሜ ልጆች አብዛኞቹ ሲሠሩት ነው።

የትምህርት ደረጃ ምዘና

ቢኔ የማሰብ ችሎታና በትምህርት ቤት የተገኘ ዕውቀት አንድ አይደሉም ብሎ ያምን ነበር፤ ስለዚህም ለየብቻ እንዲለኩ ፈለገ። በ1905 በፓሪስ ግራንዥ ኦ ቤል መንገድ በሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ከፈተ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቫኔም የሒሳብ መለኪያ በማዘጋጀት አብሮት ሠራ።

ንባብ በአምስት ደረጃ ተከፈለ። በመጀመሪያው ልጁ ፊደላትን አገጣጥሞ ክፍለ ቃል ማንበብ አይችልም። በሁለተኛው በየክፍለ ቃሉ ይቆማል፤ በሦስተኛው በየቃላቱ መካከል ያመነታል። በአራተኛው ሳይቆም ያነባል፣ ድምፁ ግን አንድ ወጥ ነው። በአምስተኛው ድምፁ የጽሑፉን ስሜት ይከተላል። የልጁ ደረጃ የሚነጻጸረው እኩዮቹ ከደረሱበት ጋር እንጂ ሊደርሱበት ይገባል ተብሎ ከታሰበው ጋር አልነበረም።

ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በ2 ዓመት፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ በ3 ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግለታል። ሆኖም ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ወይም ብዙ ቀን የቀረ ልጅ በዚህ ምክንያት እንደ ደካማ እንዳይቆጠር፣ ያመለጠው ጊዜ ከስሌቱ ይቀነስለት ነበር።

የኋላ ሥራዎቹና ሞቱ

በ1909 ስለ ልጆች ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአእምሮ ችሎታ ከቶ አይጨምርም የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ተቃወመ። ትኩረትንና ማስታወስን የሚያዳብሩ ልምምዶችም ለልዩ ክፍሎች አቀረበ። ለእርሱ ዝቅተኛ ውጤት ልጁ ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልገው የሚያመለክት ነበር። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ለእነዚህ ልጆች ልዩ ክፍሎች እንዲከፈቱ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ቢኔ መለኪያውን ለመጨረሻ ጊዜ ባሻሻለበት በ1911 በ54 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ከሞቱ በኋላ

በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የአእምሮን ዕድሜ ለትክክለኛው ዕድሜ በማካፈል ውጤቱን በአንድ ቁጥር የመግለጽ ሐሳብ አቀረበ። በ1916 አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ስታንፎርድ-ቢኔ የተባለውን ፈተና አወጣ። በአሜሪካ ፈተናው ችሎታ በዘር የሚወረስና የማይለወጥ ነው ብለው በሚያምኑ ሰዎች እጅ ገብቶ፣ ስደተኞችንና ድሆችን ዝቅ አድርጎ ለመፈረጅ ዋለ። ይህም ቢኔ መለኪያውን ካዘጋጀበት ዓላማ ጋር የሚቃረን ነበር። ንባብን በደረጃ ከፍሎ ከእኩዮች ውጤት ጋር የማነጻጸር ዘዴ ግን እስከ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል።