ነፋስ ሳይመጣ የተናገረው መኮንን
(የሮበርት ፊትዝሮይ አጭር የሕይወት ታሪክ)



በሸሕዲና በመተማ ቆላ ላደግን ልጆች ውቅያኖስ ማለት በካርታ ላይ የምናየው ሰማያዊ ቀለም ነው። ዓሣም የምናውቀው ከጓንግ ወንዝ ወይም ከጣና ሐይቅ ነው። ይሁን እንጂ ከሥራ በፊት ሰማይን መመርመር ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የታጨደ ሰሊጥ ነዶው ቆሞ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ የገበሬው የዓመት ልፋት ይበላሻል። የጣና ባለታንኳም ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ስለሚያውቅ ማልዶ መውጣትን ይመርጣል። ዛሬ ታሪኩን የምናነሣው ሰው ይህንኑ የሠርቶ አደሩን ጭንቀት የሳይንስና የመንግሥት ሥራ ያደረገ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የእርሱ ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ፊትዝሮይ በ1805 በእንግሊዝ አገር ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለ ነው። በ12 ዓመቱ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብቶ በትምህርቱ ከሁሉም ልቆ ወጣ። በ1828፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ቢግል የምትባለውን መርከብ እንዲመራ ተሾመ።

በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር መርከቢቱ በደቡብ አሜሪካ በኡራጓይ ጠረፍ ሳለች ድንገተኛ አውሎ ነፋስ መታት። ሁለት መርከበኞች ባሕር ውስጥ ወድቀው ቀሩ። ነገሩ ድንገተኛ ይባል እንጂ ምልክት ነበረው፤ የአየር ግፊት የሚለካው ባሮሜትር አስቀድሞ ወርዶ ነበር። ወጣቱ አዛዥ ግን ወደ ወደቡ ለመድረስ ቸኩሎ ስለነበር ምልክቱን ቸል አለው። ይህ ስሕተት ዕድሜ ልኩን ከልቡ አልወጣም። 

ከ1831 እስከ 1836 ቢግል ዓለምን ስትዞር ታዋቂው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርለስ ዳርዊን አብሮት ተጉዟል። ብዙ ሰው ፊትዝሮይን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። እርሱ ግን በዚያ ጉዞ የነፋስን ኃይል በቁጥር የሚለየውን የቦፎርት መለኪያ በሥራ ላይ አውሏል። በኋላም ከ1843 ጀምሮ የኒውዚላንድ ገዥ ነበረ፤ በ1845 ከዚያ ሹመት ተነሣ።

ትልቁ ሥራው የተጀመረው በ1854 ነው። በእንግሊዝ የንግድ መሥሪያ ቤት ሥር ለተቋቋመው አነስተኛ የአየር ጠባይ ክፍል ኃላፊ ሆነ። የተሰጡት ሠራተኞች ሦስት ብቻ ነበሩ። ሥራውም መርከበኞች የመዘገቡትን ሰብስቦ መደርደር ነበር። ታዲያ እርሱ መዝገብ በመደርደር ብቻ የሚረካ ሰው አልነበረም። ለድሃ ዓሣ አጥማጅ መንደሮች በመንግሥት ወጪ ባሮሜትር እንዲተከል አደረገ። አነባበቡንም ተራ ሰው ሊረዳው በሚችል አጭር መመሪያ አዘጋጀ። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ወደ ውኃ ከመግፋቱ በፊት መሣሪያውን አይቶ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን ይወስን ነበር።

በጥቅምት 1859 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የእንግሊዝን ጠረፍ መታ። ሮያል ቻርተር የምትባል ከአውስትራሊያ የምትመለስ መርከብ ተሰብራ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፊትዝሮይ መዝገቦቹን ሲመረምር ይህ አውሎ ነፋስ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል እንደነበር ተረዳ። ምክንያቱም አውሎ ነፋስ ከቦታ ቦታ ይጓዛል፤ የቴሌግራፍ መልእክት ግን ከእርሱ ይፈጥናል። ስለዚህ በየጠረፉ ያሉ 15 ጣቢያዎች የአየር ግፊቱን፣ ነፋሱንና ሙቀቱን በየዕለቱ ወደ ለንደን በቴሌግራፍ እንዲልኩ አደረገ። ከ1861 ጀምሮ አደጋ ሲያሰጋ ለወደቦች ማስጠንቀቂያ ይላክ ጀመር። በወደቡ ምሰሶ ላይ ከሩቅ የሚታይ ሾጣጣ ቅርጽ ይሰቀላል፤ ሹሉ ወደ ላይ ከሆነ ነፋሱ ከሰሜን፣ ወደ ታች ከሆነ ከደቡብ ይመጣል ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይረዳዋል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የመጀመሪያው ዕለታዊ ትንበያ በጋዜጣ ወጣ።

ይሁንና ትንበያ አንዳንዴ ይሳሳታል። ሲሳሳት ጋዜጦች ያፌዙበት ነበር። የዓሣ ጀልባ ባለሀብቶችም ጀልቦቻችን ያለ ሥራ ቆሙ እያሉ አማረሩ። አውሎ ነፋሱ ሳይመጣ ሲቀር ኪሳራው ይታያል፤ በማስጠንቀቂያው ምክንያት ያልሞተውን ሰው ግን ማን ይቆጥረዋል? ፊትዝሮይ ሀብቱን ለሕዝብ ሥራ አሟጦ፣ በሕመምና በሐዘን ተዳክሞ፣ በሚያዝያ 1865 በ59 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

በ1866 ትንበያውም ማስጠንቀቂያውም ተቋረጠ። ያኔ በጠረፍ የሚኖሩት ሰዎች ማስጠንቀቂያው ይመለስልን ብለው ጮኹ፤ በ1867 ተመለሰ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2002 የእንግሊዝ የባሕር ትንበያ ከሚያገለግልባቸው የባሕር ክልሎች አንዱ በስሙ ተጠራ።

ዛሬ ውቅያኖስ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጣ ሰው ከነፋሱ ሌላ የሞገዱንም ትንበያ ያያል። ሞገዱ የሚያድገው በነፋሱ ፍጥነት፣ በነፈሰበት ጊዜ ርዝመትና ባቋረጠው የውኃ ስፋት ነው። ከተነሣ በኋላ ነፋሱን ትቶ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ በጠረፉ ነፋስ የለም ብሎ መውጣት ያታልላል። ይህን በስሌት መተንበይ የተቻለው ከፊትዝሮይ በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በአገራችንም ለአየር ጠባይ ሥራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ አሁን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል።

እንግዲህ ነገ በየቀበሌው ስናስተምር የዝናብ መለኪያንና የነፋስ አቅጣጫን ለፈተና ብቻ እንዳናስተምር። ፊትዝሮይ ለንደን ተቀምጦ ያወቀውን ነገር በወደብ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ማንበብ ለማይችለው አጥማጅ አድርሶታል። የእኛም ተማሪ የተማረውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ሰሊጡን ሊያጭድ ለተነሣው አባቱ ማስረዳት ከቻለ ያን ጊዜ አስተማርን ማለት ይቻላል።