የሆኩሳይ ስምና የሆኩሳይ መስመር

የጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ስም ካትሱሺካ ሆኩሳይ ነው። ይሁን እንጂ የሠዓሊው ሕይወት በሚገባ ሲመረመር፣ ለአንድ ኅትመት ዋጋ የሚሰጠው በላዩ የሚነበበው ስም ብቻ አለመሆኑን ያስተምራል። የጥንት ሥራዎችን መለየትና መመዘን ሙያው ለሆነ ሁሉ ይህ ትምህርት ቀላል አይደለም።

ሆኩሳይ በ1760 እ.ኤ.አ. ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ፣ ከሱሚዳ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ተወለደ። ዕድሜው 14 ዓመት ገደማ ሲሆን የእንጨት ቅርጽ ሙያን መማር ጀመረ። በ18 ዓመቱ ግን መሮውን ትቶ ብሩሽ በመያዝ የሠዓሊው የካትሱካዋ ሹንሾ ደቀ መዝሙር ሆነ፤ በ1779ም ሹንሮ በሚል ስም የቴአትር ተዋንያንን ምስል ማውጣት ጀመረ።

ስም መለወጥ በጃፓን ሠዓልያን ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ከሠላሳ በላይ ስሞችን በማፈራረቅ ሆኩሳይን የሚያህል የለም። ሶሪ የተባለውን ስሙን በ1798 ለተማሪው ለቀቀ፤ ሆኩሳይና ታይቶ የተባሉትንም እንዲሁ ለደቀ መዛሙርቱ አስተላለፈ። ስለዚህ ፊርማው የሥራውን ዘመን ለመገመት ይረዳል እንጂ፣ ብቻውን የእጁ ሥራ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

በ1820ዎቹ ማብቂያ መከራ ተደራረበበት። ሕመም አደከመው፤ ሚስቱ ሞተችበት፤ የልጅ ልጁም ዕዳ በእሱ ላይ ወደቀ። ታላቅ ሥራው የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1830 ገደማ ጀምሮ «ሠላሳ ስድስት የፉጂ ተራራ ገጽታዎች» በአሳታሚው በኒሺሙራያ ዮሃቺ በኩል ይወጡ ጀመር። ፈላጊያቸው ስለ በዛም ዐሥር ተጨምረው 46 ሆኑ። ዓለም «ታላቁ ማዕበል» የሚለው ሥዕል ከእነዚህ አንዱ ነው።

እንዲህ ያለው ኅትመት የአራት ሰዎች የሥራ ውጤት ነበር። ሠዓሊው ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ቀራጩ ያንኑ ወረቀት በቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ ለጥፎ መስመሩን ያወጣል፤ አታሚው ለየቀለሙ የተለየ ሰሌዳ እየቀባ፣ ኮዞ ከተባለው ተክል ልጥ በተሠራ ወረቀት ላይ በእጁ እየፈተገ ያትማል፤ አሳታሚው ወጪውን ችሎ ለገበያ ያቀርባል። ፊርማው ከመስመሩ ጋር በሰሌዳው ላይ የተቀረጸ በመሆኑ፣ በመጀመሪያውም ሆነ በሺኛው ቅጅ ላይ ይነበባል። ሰሌዳው ግን በብዙ ኅትመት ያልቃል።

ስለሆነም መርማሪው ዓይኑን ከፊርማው አንሥቶ በመስመሩ ላይ ሊያሳርፍ ይገባዋል። በታላቁ ማዕበል ቀደምት ቅጅዎች የርዕሱን ሣጥን የሚያጥሩት መስመሮች ሙሉ ሲሆኑ፣ በኋለኞቹ ተቆራርጠው ይታያሉ። በሰማዩ ላይ ያለው ስስ ደመናም በብዙዎቹ ቅጅዎች ደብዝዞ ጠፍቷል። የመጀመሪያዎቹ 36 ሥዕሎች ረቂቅ መስመር በቀደምት ቅጅዎች ከባሕር ማዶ በመጣው የፕሩሺያ ሰማያዊ ቀለም ታትሟል፤ የተጨመሩት ዐሥሩ ግን ጥቁር መስመር አላቸው። ከዘመናት በኋላ በአዲስ ሰሌዳ የተቀረጹ ቅጅዎችም ፊርማውን ይዘው ይገኛሉ። በፎቶግራፍ ዘዴ የተባዛውን ደግሞ ማጉያ መነጽር ያጋልጠዋል፤ ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣቦች ተበታትኖ ይታያልና። ጠርዙ የተቆረጠ፣ የታጠፈ ወይም ብርሃን ያደበዘዘው ቅጅ፣ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ዋጋው ዝቅ ይላል።

ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቅ የነበረው ራሱ ሆኩሳይ ነው። መሮ ይዞ ያደገ በመሆኑ፣ ለአሳታሚዎች በጻፋቸው ደብዳቤዎች ንድፉን ለሚያምነው ቀራጭ እንዲሰጡለት ይማፀን ነበር፤ የሣለውን ዓይንና አፍንጫ በገዛ ልማዳቸው የሚለውጡበትን ቀራጮችም ይወቅስ ነበር። በ1834 ባወጣው የፉጂ ሥዕሎች መጽሐፍም ከሰባ ዓመቱ በፊት የሠራው ሁሉ ከቁጥር የሚገባ አለመሆኑን ገለጸ። በ1839 እሳት ቤቱንና ንድፎቹን ቢያጠፋበትም ብሩሹን አልጣለም፤ በ1849 በ88 ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ሥራውን ቀጠለ።

በዘመኑ ኅትመቶቹ ተራው ሕዝብ ሊገዛቸው በሚችል ርካሽ ዋጋ ይሸጡ ነበር። በ2023 ግን በኒው ዮርክ ጨረታ አንድ የታላቁ ማዕበል ቅጅ 2.76 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ያንኑ ፊርማ የያዘ፣ ካለቀ ሰሌዳ የወጣ ቅጅ ከዚህ ዋጋ አጠገብ አይደርስም። ልዩነቱን የፈጠረው ሆኩሳይ ዕድሜውን ሙሉ የተጨነቀለት የመስመሩ ጥራት ነው።